አስቤዛው ለአንድ ወር፣ ረሃቡ ለአሥራ ሁለት ወር



ዛሬ የምንጽፈው አንዳንዶቻችሁን ያስቀይማል። ያስቀይም። እኛም ተቀይመን ነው የምንጽፈው፤ ደግሞም ከታች የምንነቅፈውን ፎቶ ካነሱት ልጆች መካከል እኛም አለንበት።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የፍኖተ ሰላምም የቡሬም ወጣት ይነቃል። የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል፤ «ገቢ አድርጌያለሁ» የሚል የባንክ ደረሰኝ በላይ በላዩ ይለጠፋል። ዱቄት፣ ሩዝ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቴምር ይገዛል። ባነር ይታተማል። ባጃጅ ተጭኖ ቤት ለቤት ይዞራል። እስከዚህ ድረስ አልሐምዱሊላህ፣ የሚያስቀና ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ወገባቸው የጎበጠ እናት በር ላይ እንዲቆሙ ይደረጋል፤ አምስት ሊትር ዘይት በእጃቸው ይሰጣቸዋል፤ «እማ፣ ዘይቱን ትንሽ ከፍ፣ ወደዚህ ይዩ» ይባላሉ። ፎቶው ማታውኑ ይለጠፋል፣ ሦስት መቶ ሰው «ማሻአላህ» ይላል፣ ግሩፑ እስከሚቀጥለው ዓመት ይተኛል።

ባለፈው ዓመት እንዲህ ካነሳናቸው እናቶች አንዷ ስኳር በሽተኛ ናቸው። ማናችንም አልጠየቅንም። በጥቅሉ ውስጥ ሦስት ኪሎ ስኳር፣ ነጭ ዱቄትና ቴምር ነበረበት። ስኳር በሽታ ላለባቸው ሴት ስኳር ሰጥተን፣ አቁመን ፎቶ አነሳናቸው! እሳቸው ግን ምርቃቱን አልነፈጉንም። ስኳሩን ለጎረቤት ልጆች ሻይ እንዳዋሉት በኋላ ነው የሰማነው።

በኋላ ማለታችን ሁለት ወር አልፎ ነው። ዘይቱ ለሸዋል እንኳ በቅጡ አልደረሰም። አንድ ቀን ጠዋት ኢንሱሊናቸውን እንደታዘዘላቸው ወግተው ቁርስ የሚሆን ነገር ከቤት አጡ። ጎረቤት መጠየቅ አፈሩ። ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ወደቁ። ጤና ጣቢያ ስናደርሳቸው የስኳር መጠናቸው ወርዶ ወርዶ ነበር። ግሉኮስ ተሰጣቸውና ተመለሱ፤ አልሐምዱሊላህ። ያከመቻቸው ነርስ የነገረችን ግን እስካሁን ከጆሯችን አልወጣም፦ «መድኃኒቱማ አለ፤ የጎደለው ምግቡ ነው። መድኃኒቱን ያለ ምግብ ስንሰጣቸው እኛ ነን የምንጥላቸው።»

ይህን ጽሑፍ ያመጣው ይህ ንግግር ነው።

በዚያው ሰሞን አንዲት ቨርጂኒያ የምትኖር ዘመዳችን በስልክ ስታወራ፣ «ኢንሹራንሴ በየወሩ አስቤዛ የምሸምትበት ካርድ ሰጠኝ» አለች። አጠገቧ የነበረ ልጅ ወዲያው «ወይ አሜሪካ!» ብሎ ተነፈሰ። እስቲ ከመተንፈሳችን በፊት ነገሩን እንየው፤ ምክንያቱም ግማሹ ትምህርት ነው፣ ግማሹ ማስጠንቀቂያ።

አሜሪካ ዕድሜያቸው 65 ለሞላ ሰዎች «ሜዲኬር» የሚባል የመንግሥት ጤና መድን አላት፤ በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመ። ከዚያ ጎን ደግሞ የግል ኩባንያዎች በመንግሥት ገንዘብ የሚያስተዳድሩት «ሜዲኬር አድቫንቴጅ» የሚባል አለ። በ2018 የወጣ ሕግ ለእነዚህ ኩባንያዎች በር ከፈተ፦ ከ2020 ጀምሮ እንደ ስኳርና የልብ ድካም ያለ የቆየ ሕመም ላለበት አባል፣ ሕክምና ያልሆነን ነገር ጭምር እንዲሰጡ ተፈቀደላቸው። ምግብ ከእነዚያ አንዱ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ለሕመሙ የሚሆነውን ምግብ ያላገኘ በሽተኛ ተመልሶ ሆስፒታል ይተኛል፤ አልጋ ደግሞ ከጎመንና ከእንቁላል ይበልጥ ይወደዳል። ነጋዴ ኩባንያ ለጽድቅ ብሎ አስቤዛ አይሰጥም። ሒሳብ አስልቶ ነው።

ማስጠንቀቂያው ደግሞ ይኸው። ካርዱ ለሁሉም አረጋዊ የሚሰጥ መብት አይደለም፤ ኩባንያው ሲፈልግ የሚጨምረው፣ ሲፈልግ በሚቀጥለው ዓመት የሚያነሳው ማባበያ ነው። በየቴሌቪዥኑ «ነፃ የምግብ ካርድ» እየተባለ ስንቱ አዛውንት በስልክ ተደውሎለት ሳያውቀው መድኑን ቀይሯል፤ የለመደው ሐኪም አዲሱ መድን ውስጥ እንደሌለ የሚያውቀው ሲታመም ነው። ማታለሉ በዝቶ በ2023 መንግሥታቸው የማስታወቂያ ደንቡን እስከማጥበቅ ደርሷል። ቋንቋው ያልገባቸው የእኛ አባቶችና እናቶች ለዚህ ቀላል ታዳኝ ናቸው። ውጭ አገር ያላችሁ ልጆች፣ ወላጆቻችሁ ስልክ ላይ «የስ፣ የስ» ከማለታቸው በፊት ፖስታቸውን አንብቡላቸው።

እንግዲህ ካርዱን አንመኝም፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የምንወስደው ከካርዱ በስተጀርባ ያለውን ሐሳብ ነው። ምግብ የሕክምናው አካል ነው። የጤና መድን ክኒን ከፍሎ እንጀራን «አይመለከተኝም» ካለ ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል።

ወደ አገራችን እንምጣ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ተሁለደሬና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ደቡብ አቸፈር ማለት ዱርቤቴ ነው፤ የእኛው ጎጃም። ጀማሪ ነን ማለት ነው። ዛሬ መድኑ አገር አዳርሷል። አሠራሩንም አብዛኞቻችሁ ከቤታችሁ ታውቁታላችሁ፦ አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ይከፍላል፣ ደብተር ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ሪፈር ሲጻፍለት ሆስፒታል ይታከማል። መክፈል የማይችለው በቀበሌው ነዋሪ ተመርጦ መንግሥት ይከፍልለታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስንት ቤተሰብ በሬውን ሸጦ ከመታከም ድኗል። መድኑን ለማጥላላት አልተነሳንም፤ ያ ደብተር ባይኖር እኚያ እናት በዚያ ጠዋት የት እንደሚደርሱ አላህ ያውቃል።

ነገር ግን ደብተሩ የሚያውቀው በሽታን ብቻ ነው። ሐኪሙ «ጨው ይቀንሱ፣ አትክልት ያዘውትሩ፣ በሰዓቱ ይብሉ» ብሎ ይመክራል። ከምን? መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያ ሲጠፋ ደግሞ «ከውጭ ግዙ» ይባላል፤ ለሽሮ የተቀመጠችው ብር ወደ ፋርማሲ ትሄዳለች። አረጋዊው በአንድ እጁ መድን፣ በሌላው ባዶ ሞሰብ ይዞ ይኖራል። ከዚያ ይወድቃል፣ ይተኛል፣ መድኑ የአልጋውን ይከፍላል። ለቁርስ ያልወጣች ትንሽ ገንዘብ ለግሉኮስ፣ ለአልጋ፣ ለሪፈር ብዙ ሆና ትወጣለች። ይህን ኪሳራ ለማየት የአሜሪካ ኩባንያ መሆን አያስፈልግም።

«ለምግቡ ሴፍቲኔት አለ» የሚል አለ። ለማን? የገጠሩ የልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ለዓመታት የምግብ እጥረት ያለባቸውን ወረዳዎች መርጦ ነው የገባው። በጉልበታቸው መሥራት ለማይችሉት፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች፣ ያለ ሥራ የሚሰጥ ቋሚ ድጋፍም አለው። ጥሩ ሕግ ነው። ምዕራብ ጎጃም ግን «ትርፍ አምራች» ነው። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመርም ከአማራ ክልል የገባችው ደሴ ብቻ ነበረች።

«ትርፍ አምራች» የሚለውን ቃል ቆም ብላችሁ አስቡት። አዎ፣ በቆሎው አለ፣ ጤፉ አለ፣ የቡሬና የጃቢ ጠህናን በርበሬ አዲስ አበባ ድረስ ይነግዳል። ሜጫ ላይ የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት በመስኖ እንዲያጠጣ ተሠርቷል። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. ግዙፍ የዘይት ፋብሪካ ተመርቋል። እሰየው! ነገር ግን ዞን አይበላም፤ የሚበላው ሰው ነው። ወረዳው ትርፍ ስላመረተ የእያንዳንዱ ጎጆ ሞሰብ ሞልቷል ማለት ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? ጉልበቱ ያለቀበት ገበሬ መሬቱን እኩል ሰጥቶ የሚደርሰው እህል ለስድስት ወር አይበቃውም። ወርኃ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚራበው እሱ ነው።

የእኛ አዛውንቶች ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይከፋል። የጎጃም ሙስሊም በአብዛኛው ሸማኔና ነጋዴ ሆኖ የኖረው ሽመናና ንግድ ስለጣፈጠው አልነበረም፤ በቀደመው ሥርዓት ርስት የእሱ ስላልነበረ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲመጣ አራሽ የነበረው መሬት አገኘ፤ ከተማ ውስጥ መወርወሪያ ሲወረውር፣ ጨውና ቡና ሲቸረችር ያረጀው ግን ከመሬቱም አልደረሰ። የጡረታ ሕጉ በ2003 ዓ.ም. ለግል ድርጅት ሠራተኞች ሲሰፋም የገባበት ቀጣሪ ያለው ሰው ነው። ሸማኔን ማን ቀጠረው? በረንዳ ላይ ሎሚ የሸጠችን እናት ማን መዘገባት? እኩል የሚሰጡት መሬት የላቸውም፣ ጡረታ የላቸውም፣ ትርፍ አምራች ዞን ስለሆነ የገጠሩ ሴፍቲኔት አልደረሳቸውም። ያላቸው የጤና መድን ደብተርና የእኛ የረመዳን ፎቶ ነው።

«አይቻልም» እንዳይባል በክልላችን የተሞከረ አለ። ደዋ ጨፋና ሊቦ ከምከም ላይ ሴፍቲኔትንና የጤና መድንን ለማስተሳሰር፣ በዩኒሴፍ ድጋፍ ሙከራ ተደርጓል። ድጋፍ የሚያገኘው ቤተሰብ መድን ውስጥ እንዲገባ፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛም ቤቱ ድረስ ሄዶ እንዲከታተለው ተደርጓል። ሁለቱ መዝገብ መነጋገር ይችላል ማለት ነው። እኛ የምንጠይቀው ያው መንገድ በተቃራኒው አቅጣጫ እንዲሄድ ነው፦ በመድኑ መዝገብ ላይ «መክፈል የማይችል» ተብሎ ስሙ የሰፈረ፣ የቆየ ሕመም ያለበት፣ ጧሪ የሌለው አረጋዊ፣ ያው ደብተር የምግብ ድጋፍ ያምጣለት። አዲስ ምልመላ አያስፈልግም፤ ነዋሪው ተሰብስቦ መርጦታል፣ ጤና ጣቢያው በሽታውን ጽፎታል። ድሃ መሆኑም መታመሙም በመንግሥት ማኅተም ተረጋግጧል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። «አቅም በፈቀደ» የምትለዋ ቃል ሰፊ መሸሸጊያ እንደሆነች እናውቃለን። ግን ለግሉኮሱና ለአልጋው የተገኘው አቅም ለሽሮው እንዴት ጠፋ?

አሁን ወደ ወንድሞቻችን። ይህን ሐሳብ ስናነሳ የሚመጡብንን መልሶች አንድ በአንድ ሰምተናል።

አንዱ «ልጆቻቸው ይጡሯቸው» ይላል። ትክክል ነው፤ የወላጅ ሐቅ በልጅ አንገት ላይ ነው፣ ማንም አያነሳውም። ግን ልጆቹ የት ናቸው? አንዱ ሳዑዲ ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል፣ አንዷ አዲስ አበባ ሰው ቤት ናት፣ አንዱ በዚህ የጦርነት ዘመን መንገድ ተዘግቶበት አንድ ክረምት ሙሉ ሳይመጣ ቀርቷል፣ አንዱም ከእናቱ ቀድሞ ሞቷል። ልጁ እስኪገኝ እናቲቱ ትጠብቅ?

ሌላው «ኢንሹራንስ ሐራም ስለሆነ ደብተሩን አላሳድስላቸውም» ብሎናል። ይህን የሰማነው ከአንድ ሰው አይደለም። ብይን የእኛ ሥራ አይደለም፤ አሊሞቻችሁን ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን ነገሩን አሟልታችሁ ጠይቁ። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1985 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ የንግድ ኢንሹራንስንና በመረዳዳት ላይ የቆመውን የጋራ መዋጮ ለይቶ ነው ያየው፤ የመጀመሪያውን ከልክሎ ሁለተኛውን ፈቅዷል። የቀበሌው መድን ባለአክሲዮን የለውም፣ ትርፍ አይከፋፈልበትም። ይህን ሳይናገር «ኢንሹራንስ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቆ የተመለሰ ሰው የጠየቀው ስለ ሌላ ነገር ነው። ደግሞም ይህን የሚለን ወንድማችን መኪናው ሦስተኛ ወገን እንዳለው እናውቃለን።

ሦስተኛው ለስለስ ብሎ ይመጣል፦ «ከሙስሊሙ እንጀምር፣ ሌላው የራሱ ሰንበቴና እድር አለው።» ዘካን በተመለከተ የራሱ ድንጋጌ አለው፣ እሱን አንነካም። የምንጠይቀው የመድን ምግብ ግን ለደብተሩ ባለቤት ሁሉ ነው። አቡ ዩሱፍ ኪታቡል ኸራጅ ላይ ያሰፈሩትን የዑመርን (ረ.ዐ.) ታሪክ ሁላችንም ከመድረክ ሰምተነዋል፦ በየደጁ የሚለምን ሽማግሌ አይሁዳዊ ባዩ ጊዜ፣ በጉልበቱ ዘመን ግብር ተቀብለነው በእርጅናው ልንጥለው አይገባም ብለው ከበይተል ማል እንዲቆረጥለት አዘዙ። ዑመር ሽማግሌውን በር ላይ አላቆሙም፣ ለሕዝብ አላሳዩም፣ «ረመዳን ሲመጣ ተመለስ» አላሉም። መዝገብ ውስጥ አስገቡት። ይህን ታሪክ ስንቴ አልቅሰን ሰምተን፣ ሲያልቅ ተነስተን ወደ ባነሩ ሄድን?

እንግዲህ መንግሥት እስኪሰማ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። በእኛ ሰፈር ከዚያ ጠዋት በኋላ የጀመርነውን እንንገራችሁ፤ ትንሽ ነው፣ ጉድለትም አለው። ሠላሳ ልጆች ሆነን በወር ሁለት ሁለት መቶ ብር እናወጣለን። 6,000 ብር ይሆናል። አንድ ባለ ሱቅ ጋር ተነጋግረን አራት አረጋውያን በየስማቸው የዱቤ ደብተር ተከፈተላቸው፤ እየሄዱ ወይም ልጅ እየላኩ የሚፈልጉትን ይወስዳሉ፣ በወሩ መጨረሻ እኛ ሒሳቡን እንዘጋለን። ከአራቱ አንዱ ሙስሊም አይደሉም፤ የሰፈራችን ሰው ናቸው። ምን እንደሚስማማቸው ነርሷን ጠየቅናት። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ የዳጉሳ ወይም የገብስ ዱቄት፤ ከሁሉም በላይ ጠዋት መርፌው ከመወጋቱ በፊት የሚበላ ነገር ቤት ውስጥ መኖሩ። የሚገርመው ይህ ከረመዳኑ ጥቅል በብዙ ይረክሳል፤ የጥቅሉን ዋጋ የሰቀለው ስኳሩና ቴምሩ ነበር።

ችግር አልገጠመንም አንልም። በሦስተኛው ወር ከሠላሳው የከፈለው አሥራ ዘጠኙ ነበር፤ ፎቶ የለም፣ «ማሻአላህ» የለም፣ ለካ ብዙዎቻችን የምንሰጠው ለዚያ ኖሯል። ባለ ሱቁ ልዩነቱን ከራሱ ችሎ ጠበቀን፤ አላህ ይጨምርለት። አንደኛው አባታችን ደግሞ ለሁለት ሳምንት ምንም ሳይወስዱ ቀሩ። ስንጠይቃቸው «ይህስ መቼ ነው የሚነሳው?» አሉን፤ የሚነሳው ጊዜ መጥቶ ሰው ፊት እንዳያፍሩ ቀድመው መልመዳቸው ነበር። ለዚህ መልስ አልነበረንም። ሠላሳ ልጅ በገባው ቃል ላይ የቆመ ሞሰብ አንዱ ሥራ ሲያጣ፣ አንዷ ስታገባ ይነቃነቃል። ስለዚህ ነው ዱቤ ደብተሩ ለመድኑ ደብተር ምትክ አይሆንም የምንለው፤ የሰው በጎነት ይደክማል፣ በሕግ የተጻፈ መብት ግን ቢያንስ ሄደህ ትጠይቀዋለህ።

አዝመራው ገብቷል፣ የመድኑ የዓመት ምዝገባና እድሳት በየቀበሌው እየተጀመረ ነው። በየሰፈራችሁ ሁለት ሁለት ልጅ መድቡ። የአረጋውያኑን ደብተር ሰብስቡ፣ ቀኑ ያለፈበትን ለዩ። መክፈል የማይችሉትን የሚመርጠው ስብሰባ ሲጠራ ተገኙ፤ ወጣት ስለማይመጣ እኮ ነው ሁልጊዜ ጧሪ የሌላት እናት ስም የሚዘለለው። እዚያው ስብሰባ ላይ የምግቡን ጥያቄ አንሱ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ በሉ። አንድ ቀበሌ ብቻ ከጻፈ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከማንኩሳ፣ ከደምበጫ፣ ከመርዓዊ ሲመጣ ግን ወረዳውም ዞኑም መልስ መስጠት ይኖርበታል።

እኛ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሆነን እንሄዳለን። የእኚያን እናት ደብተር ይዘናል፤ መታወቂያቸው ፎቶው ስለደበዘዘ ሌላ አምጡ ተብለናል። ፎቶ ቤት ልንወስዳቸው ስንነግራቸው ሳቅ ብለው «ዘይት ይዤ ነው?» አሉን።